ሦስት ፍላሽ ይዤ የሄድኩ ዕለት

ሥራው ቀላል ነበር። የአንድ ድርጅት 46 ሠራተኞች ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ይነሣሉ። ቦታው የድርጅቱ አዳራሽ፣ ጊዜው ግማሽ ቀን። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ይበቃል ብዬ ነበር።

ከዚያ በፊት ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክቼ ነበር የምሠራው። ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይቀራል። ስለዚህ መብራቱን ከካሜራው አውርጄ በጎን በስታንድ ለማቆም ወሰንኩ። በውሳኔው አሁንም አምናለሁ። የተሳሳትኩት ዕቃውን ስገዛ ነው።

በጀቴ ትንሽ ስለነበረ በርካሽ ያገኘሁትን ለቃቀምኩ። ሦስት ፍላሽ ሆነ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያገለገለ፣ ሦስተኛው ከፊልም ካሜራ ዘመን የቀረ። ስመርጥ የተመራሁት በጋይድ ነምበር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የፍላሹን ጉልበት ይነግራል፤ በአፐርቸሩ፣ በሌንሱ ቀዳዳ መጠን ቁጥር፣ ሲካፈል መብራቱ ስንት ሜትር እንደሚደርስ ይገኛል። ግን ቁጥሩ የሚለካው የፍላሹ ራስ ዙም ተደርጎ፣ ማለትም ብርሃኑ ጠብቦ ነው፤ አምራቾቹም ሁሉም በአንድ ዙም አይለኩም። ለምሳሌ የጎዶክስ ቲቲ600 ቁጥር 60 ነው፣ በ200 ሚሊሜትር ዙም። የዮንግኑኦ ዋይኤን560 ደግሞ 58፣ በ105 ሚሊሜትር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ 60 ይበልጣል ማለት አይቻልም። ብርሃኑን በሚያለሰልሰው የፎቶ ጃንጥላ ላይ ሲበራ ደግሞ ዙሙ ሰፍቶ ስለሆነ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። ይህን አላውቅም ነበር።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር። ሦስቱ ፍላሾች እርስ በርስ አይነጋገሩም። ለዋናው፣ ለአዲሱ፣ ርካሽ የሬዲዮ ትሪገር ገዛሁለት፤ ቁልፉን ስጫን ፍላሹን ያለ ገመድ የሚያስበራ ዕቃ ነው። ሁለቱ ግን፣ አንዱ ከጎን አንዱ ከጀርባ፣ በዓይን እንዲሠሩ ተውኳቸው። ስሌቭ ይሉታል፤ ሌላ ፍላሽ ብልጭ ሲል አይቶ አብሮ ብልጭ የሚያደርግ ነው። አሮጌው ይህ ስላልነበረው ከሥሩ የሚሰካ ትንሽ ዓይን ጨመርኩለት። ቤት ውስጥ ስሞክረው አንድ ጊዜም አልሳተም። ክፍሉ ጠባብ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጊዜው ማታ ነበር።

በነገራችን ላይ አሮጌውን ካሜራዬ ላይ አለመሰካቴ በጀኝ። አንዳንድ የዚያ ዘመን ፍላሾች መሰኪያቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ አለ። ሳይለካ ዲጂታል ካሜራ ላይ ከተሰካ ሰርኪዩቱን ሊያቃጥል ይችላል። አሮጌ ፍላሽ ያላችሁ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

አዳራሹ በአንድ በኩል ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ደህና ወጡ። ከዚያ ፀሐይ ገባች። ሰባተኛው ላይ የጀርባው መብራት ቀረ። ስምንተኛዋ ላይ የጎኑ። ዘጠነኛው ላይ ሁለቱም ሠሩ። ፀሐይ የፍላሹ ዓይን ላይ ሲያርፍ የሌላውን ብልጭታ መለየት ያቅተዋል።

ይህ ሳያንስ ከአዳራሹ ማዶ ሌላ ፎቶ አንሺ ስብሰባ ያነሡ ነበር። የእሳቸው ፍላሽ ብልጭ ባለ ቁጥር የእኔዎቹም አብረው ብልጭ ይላሉ። እኔ ቁልፉን ስጫን ገና እየሞሉ ነው፤ ባዶ። የስሌቩን ኤስ2 የሚባለውን ምርጫ ሞከርኩ። እሱ ግን የሚዘለው ከዋናው ብልጭታ በፊት የሚወጣውን ትንሿን ብልጭታ ብቻ ነው። የሰውን ፍላሽ ከራሴ አይለይልኝም። ተራ አልካላይን የባትሪ ድንጋዮቼም የሰው ሥራ ሲሠሩ ደከሙ።

ሰዉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ረጅም፣ አንዷ መነጽር አድርጋለች፣ ሌላው ጥቁር ለብሷል። የመብራቱን ጉልበት ለመቀየር ስታንዱ ጋ እሄዳለሁ፣ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ እነካካለሁ፣ መልሼ ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሰልፉ ኮሪደር ደረሰ።

በዚህ መሐል አንድ ሰው በሩን በኃይል ከፈተው። ነፋስ ገባ። ጃንጥላው ተነፋ፣ ቀጭኑ ስታንድ ተንገዳገደና ወደቀ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ብድግ ባይል ኖሮ ራሱ ላይ ነበር የሚያርፈው። የዋናው ፍላሽ እግር ከሥሩ ተሰበረ። እኔ ግን ያኔ ፍላሹ ትዝም አላለኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስታንድ ሰው ፊት አጠገብ የሚቆም ዕቃ ነው፤ ስገዛው ግን ዋጋውንና ቅለቱን ብቻ ነው ያየሁት።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ መጡ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ሰው ቆሟል። ይቀጥላል ወይስ ሌላ ቀን ይሁን?»

«ሃያ ደቂቃ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ስብሰባው ለዕረፍት ሲወጣ ፎቶ አንሺው ወደ እኔ መጡ። ዕቃዬን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ለአንድ ፊት ስንት መብራት ፈለግህ?»

«ሦስት፣ ጋሼ።»

«አንዱ ይበቃሃል። መጋረጃውን ዝጋ። ጃንጥላውን ደግሞ አቅርበው፤ ፎቶው ውስጥ ሊገባ ትንሽ እስኪቀረው።»

ትሪገሩን ከተሰበረው ፈትቼ ባገለገለው ፍላሽ ላይ ሰካሁት። 2 ሜትር ርቆ የነበረውን ጃንጥላ 1 ሜትር ላይ አቆምኩት። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍላሹን ከሙሉ ጉልበት ወደ ሩብ አወረድኩት። ወዲያው ቶሎ ቶሎ ይሞላ ጀመር። ጃንጥላው ስለቀረበም ብርሃኑ ለሰለሰ። ጋሼ ባለጎማውን የስብሰባ ነጭ ሰሌዳ እየገፉ በሌላው ጎን አስጠጉልኝ፤ ጥላውን ሞላው። የካሜራ ቦርሳዬን ስታንዱ ላይ አንጠለጠልኩ። ካሜራውን አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 5.6፣ 1/160 ሰከንድ ላይ አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልነካሁም።

ሁሉንም ጨረስኩ፤ የተበላሸባቸውንም መልሼ ጠራኋቸው። ማታ ፎቶዎቹን ሳይ በአንድ መብራት የተነሡት በሦስቱ ከተነሡት ይበልጡ ነበር። ፊቱ ቅርጽ አለው። ዓይኖቹ ውስጥ የጃንጥላው ብርሃን አለ።

አሁን ዕቃ የምገዛበትን ቅደም ተከተል ገልብጬዋለሁ። ከፍላሹ በፊት የምመርጠው ሬዲዮውን ነው። የሬዲዮ መቀበያው ውስጡ የተሠራለትን ፍላሽ፣ ከዚያ የዚያው ቤተሰብ ማስተላለፊያ። ቲቲ600ም የዋይኤን560 አራተኛው ስሪትም እንዲህ ናቸው፤ ከቆምኩበት ሳልንቀሳቀስ ጉልበታቸውን እቀይራለሁ። እኔ የያዝኩት ቲቲ600ን ነው። በዚያው ሬዲዮ ኤዲ200 የሚባለው ባለ200 ዋት ሰከንድ ፍላሽም ይሠራል፤ አቅሜ ሲፈቅድ ብጨምረው የያዝኩት አይጣልም። የሌላ ስሪት ካሜራ ብገዛም የምቀይረው ማስተላለፊያውን ብቻ ነው። ቲቲ600 ብርሃን ለክቶ ራሱን አያስተካክልም፤ ቲቲኤል የለውም። ሰው እየተንቀሳቀሰ ለሚያነሣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ለተቀመጠ ሰው ግን አንዴ ካስተካከልኩት አይለወጥም፤ እንዲያውም ለዚህ ሥራ እመርጠዋለሁ።

ለአንድ ፍላሽ አራት አራት እያልኩ፣ ከነመቀየሪያው፣ ቻርጅ የሚደረጉ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች ገዛሁ። 1.2 ቮልት ናቸው፣ አልካላይኑ 1.5። ቢሆንም ኃይላቸውን በፍጥነት ስለሚሰጡ ፍላሹ በእነሱ ቶሎ ይሞላል። ከሁለተኛ ፍላሽ በፊት ደግሞ ከባድ ስታንድና የአሸዋ ከረጢት።

ከወራት በኋላ ያው ድርጅት ለአዲስ ሠራተኞች ጠራኝ። አንድ ፍላሽ፣ አንድ ጃንጥላ ዘረጋሁ፤ ሁለተኛው ፍላሽ ለመጠባበቂያ ቦርሳ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ ያ በር ተከፈተ። ጃንጥላው ተወዛወዘ። ቀና ብዬ ስታንዱን አየሁት፤ ካቆምኩበት አልተነቃነቀም።

«አገጭሽን ትንሽ ዝቅ» አልኳት። ቁልፉን ተጫንኩ።