መንካት ክልክል ነው

ባለፈው ክረምት ነው፤ ሐምሌ ላይ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ነው። የሐምሌን ዝናብ ለማርቆስ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቆርቆሮው መደብደብ ሲጀምር ስልክ እንኳ ማውራት አይቻልም።

መሥሪያ ቤታችን አራት ቴሌቪዥኖች አሉት። አንዱ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ አንዱ ባለጉዳይ የሚጠብቅበት ኮሪደር ላይ፣ ሁለቱ ፎቅ ላይ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ሪሲቨር ከመግዛትና ግድግዳውን ሁሉ ገመድ በገመድ ከማድረግ ብዬ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። ራስቤሪ ፓይ 4 አስገዛሁ። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ግን ነፃ የሆነ ሲስተም ነው) የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ከእሷ ጋር በዩኤስቢ የሚሰካ የሳተላይት ቱነር፣ ማለትም የዲሹን ሲግናል የሚቀበል ዕቃ፣ ገዛን። የዲሹ ገመድ ቱነሩ ውስጥ ይገባል። ፓይዋ የኢትዮሳትን ቻናል ተቀብላ በኔትወርክ ለአራቱም ስክሪን ታከፋፍላለች። ማከፋፈያው ሶፍትዌር ቲቪሄድኤንድ ይባላል፤ በነፃ የሚገኝ ነው። ቱነሩን በሊኑክስ ማስነሳት፣ ፈርምዌሩን (ቱነሩ ራሱ ውስጥ የሚጫነውን ፕሮግራም) ፈልጎ በቦታው ማስቀመጥ፣ ቻናሎቹን አንድ በአንድ መሰየም ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል። ሲሠራ ግን ደስ ይል ነበር። በጣም ደስ ይል ነበር።

ዕቃው ሁሉ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ ነው። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «መንካት ክልክል ነው!» ሥራዬን መጠበቄ ነበር።

አንድ ሰኞ ማታ ክበብ ውስጥ የቆዩ ሠራተኞች የ2 ሰዓቱን ዜና ለማየት ቢከፍቱ ስክሪኑ ጥቁር ነው። በማግስቱ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ተጠራሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዝናቡን ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል የዲሽ ሲግናል ይደክማል፤ ይኼ የታወቀ ነው። ግን የማክሰኞ ጠዋት ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር።

ቀጥዬ የፓይዋን ኃይል አየሁ። ፓይ የሚደርሳት ቮልት ከ4.63 በታች ሲወርድ ራሷ ትመዘግባለች። ቀጭን የስልክ ቻርጀር ገመድ ስንቱን ፓይ እንዳስቸገረ ስለማውቅ መዝገቡን ጠየቅኳት። ዜሮ። አንድም ጊዜ አልወረደም። በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ዘርዝሪ የሚለውን ትእዛዝ፣ ኤልኤስዩኤስቢን፣ አዘዝኩ፤ ቱነሩ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክሱን እምብርት፣ መልእክት ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ቱነሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ተነሥቷል፣ ፈርምዌሩ ተጭኗል። አንድም ስህተት የሚል መስመር የለም። ቻናል እንድትፈልግ ሳዛት ግን ስትሬንዝ (የሲግናሉ ጉልበት) አለ፣ ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) ዜሮ።

ረቡዕ የዲሽ ባለሙያ ጠራሁ። ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሲግናል መለኪያውን፣ ፋይንደሩን፣ ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢው፣ ላይ ሰካ። እኔ ታች ሆኜ እጠብቃለሁ። «ወንድሜ፣ ዲሽህ ምንም አልሆነም! ኳሊቲው ቁልጭ ብሎ ይታያል!» ብሎ ጮኸልኝ። ገመዱንም ከታች ጫፉ ላይ ሞከረው። ደህና ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ዲሹ ደህና ከሆነ፣ ገመዱ ደህና ከሆነ፣ ፓይዋም ኃይል ካላነሳት፣ የቀረው ሶፍትዌር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲስተሙን አፕዴት አደረግኩ። አልሆነም። የድሮውን ከርነል መለስኩ። አልሆነም። ማታ ተናደድኩና ሜሞሪ ካርዱን አጥፍቼ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ቅጂ አልያዝኩም ነበር። ያ የሳምንት ልፋት፣ የቻናሉ ስያሜ፣ የአራቱ ስክሪን አደረጃጀት፣ ሁሉም በአንድ ምሽት ጠፋ። አዲሱም ሲስተም ያለኝ ያንኑ ነው፤ ስትሬንዝ አለ፣ ኳሊቲ ዜሮ።

ዓርብ ጠዋት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መደርደሪያውን አያለሁ። የጽዳት ሠራተኛችን መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ዕድሜዋ ከእናቴ ጋር ሳይቀራረብ አይቀርም፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት።

«ልጄ፣ አሁንም አልሠራ አለ?»

«አልሠራ አለ፣ እትዬ።»

ዝም አለች። አልሄደችም። መወልወያውን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ያለው እኔ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ነው።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«እሁድ ተረኛ ነበርኩ» አለች። «ጣሪያው አፈሰሰ። ውሃው በዚያ በኩል እየወረደ መደርደሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ብፈልግ ማን አለ? ይቃጠላል ብዬ ሁሉንም ነቀልኩና ጠረጴዛው ላይ አወጣሁት። ውሃውን ከጠረግኩ በኋላ እንደነበረ መለስኩት። እንደነበረ መሰለኝ እንግዲህ። አትንኩ ብለህ ስለጻፍክ ለመናገር ፈራሁ።»

ተነሥቼ የኃይል ገመዶቹን ከግድግዳው ጀምሬ በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥቁር አዳፕተሮች አሉ። አንዱ የራውተሩ ነው፤ ጀርባው ላይ 9 ቮልት ይላል። ሌላው የቱነሩ ነው፤ 12 ቮልት። መልካቸው አንድ፣ የጫፋቸው ውፍረት አንድ። የራውተሩ ቱነሩ ላይ ተሰክቷል፣ የቱነሩ ራውተሩ ላይ። ራውተሩን ዳሰስኩት፤ ይሞቃል። ማክሰኞ ዕለትም ስነካው ሞቆኝ ነበር። አልፌው ነው የሄድኩት።

ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢ የራሱ ሶኬት የለውም። ኃይሉ የሚደርሰው ምስሉ በሚወርድበት በዚያው ገመድ ነው። ቱነሩ 13 ቮልት ሲልክለት የቨርቲካሉን (የቁመቱን) ሞገድ ይቀበላል፣ 18 ሲልክለት የሆሪዞንታሉን (የአግድሙን)። የእኛ ቻናሎች ሆሪዞንታል ላይ ናቸው። ይኼን 18 ቮልት ቱነሩ የሚያወጣው ከዩኤስቢ ሳይሆን ከራሱ ባለ 12 አዳፕተር ነው፤ በራውተሩ 9 ግን 18 ላይ መድረስ አቃተው። ለዚህ ነው ፓይዋ ምንም ያልታያት። ዩኤስቢው ሙሉ ነው፣ ድራይቨሩ ሙሉ ነው፣ ትእዛዙም ተልኳል። ቮልቱ ጣሪያው ላይ እንዳልደረሰ የሚነግራት የለም። የባለሙያው ፋይንደርም ያላየው ለዚሁ ነው፤ እሱ ከራሱ ባትሪ 18 አውጥቶ ነው ኤልኤንቢውን ያስነሣው።

ቢሆንም ዳግመኛ በግምት መሄድ አልፈለግኩም። ቮልት የሚለካበትን ቴስተር አመጣሁ። ሆሪዞንታል ቻናል አዝዤ የቱነሩን ጫፍ ለካሁ፤ መሐሉን ሽቦና ዙሪያውን ብረት። 12.6። እትዬ ከጎኔ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ታያለች። አዳፕተሮቹን አቀያየርኩና እንደገና ለካሁ። 18.2። የዲሹን ገመድ መልሼ አጠበቅኩ። ኳሊቲው ወጣ።

እሷ «እሰይ!» ስትል የኔ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። ደስታም ነው፣ ሌላም ነገር ነው። ይቺ ሴት እሁድ ቀን ብቻዋን ሆና መሥሪያ ቤቱን ከእሳት አድናለች። ውሃው ሶኬቱ ላይ ቢደርስ ኖሮ አሁን የማወራው ስለ ቱነር አይሆንም ነበር። እሷ ግን አራት ቀን ሙሉ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ስትሳቀቅ ከረመች። እኔ በየቀኑ በአጠገቧ አልፋለሁ። ፓይዋን መቶ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ ይኼን ክፍል በየቀኑ የምታጸዳዋን ሴት አንድ ጊዜ «እትዬ፣ እዚህ ምን ተለወጠ?» አላልኳትም። ብጠይቃት ኖሮ ማክሰኞ ጠዋት ያልቅ ነበር። ካርዱም አይጠፋም ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ» አልኳት።

«ኧረ ተው፣ ምን አጠፋህ?» አለች። ከዚያ አዳፕተሮቹን አንሥታ እያገላበጠች፣ «እንዲህ መንታ አድርገው ሠርተዋቸው ሰው እንዴት ይለያል?» አለችኝ።

ልክ ናት። ነጭ ፕላስተር ላይ «ቱነር 12» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አወጣሁ። እሷ ግን ከጋቢዋ ጥለት ላይ ቀይ ክር መዘዘች። አንዱን ቁራጭ የአዳፕተሩ ገመድ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ቱነሩ ላይ ቋጠረችው። «ቀይ ከቀይ። እንዲህ ከሆነ በጨለማም አይጠፋኝም» አለች። የኔንም ፕላስተር ጨምሬ ለጠፍኩበት።

ቻናሎቹን መልሼ ለመሰየም ቅዳሜና እሁዴን ወሰደብኝ። እሁድ ማታ ሜሞሪ ካርዱን ሙሉ በሙሉ ሌላ ካርድ ላይ ገልብጬ በፖስታ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። መደርደሪያውን ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አውጥተን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዞርነው። ወረቀቱን ከበሩ ላይ አነሣሁና በቦታው የስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ፤ «ማንኛውም ነገር ከተነቀለ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ» ብዬ። ከቁጥሬ ሥር ትንሽ የስልክ ሥዕል አለ። እሱን ያስጨመረችኝ እትዬ ናት፤ ማታ የሚያድረው ጥበቃ ፊደል አይለይም ብላ።