በተወሰነ በጀት የኮርስ ብስክሌት፦ አዲሱን ወይስ ያገለገለውን?

የኮርስ ብስክሌት ለመግዛት ስወስን የያዝኩት ገንዘብ ከአዲሶቹ የጀማሪ የሚባሉትን ብቻ የሚገዛ፣ ካገለገሉት ግን እስከ መካከለኛው ደረጃ የሚያደርስ ነበር። እንዲህ ያለ በጀት የያዘ ሰው «በአንድ ዋጋ የተሻለ ዕቃ ከተገኘ ምን ያከራክራል?» ማለቱ አይቀርም። የሚያከራክረው ዋጋው አንድ አለመሆኑ ነው። አዲሱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የመጨረሻው ነው ለማለት ይቻላል፤ ያገለገለ ብስክሌት ሻጭ የሚጠራው ግን የመጀመሪያው ክፍያ ሲሆን፣ ቀሪውን ጎማው፣ ካቴናው፣ የፍሬን ሸራውና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ቀስ በቀስ ያስከፍላሉ። ስለዚህ አንድም ብስክሌት ከማየቴ በፊት የበጀቴን ሩብ ለጥገና ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩና ያገለገሉትን በቀረው ብቻ መፈለግ ጀመርኩ። ሄልሜት፣ የጎማ መንፊያና መለዋወጫ የውስጥ ጎማ በሁለቱም በኩል መገዛታቸው ስለማይቀር ከንጽጽሩ አስወጣኋቸው።

ቅድሚያ ያየሁት አዲሶቹን ነው። በዚያ የዋጋ ደረጃ ያገኘኋቸው ብስክሌቶች ፍሬማቸው አሉሚኒየም፣ ማርሻቸው ደግሞ ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች ክላሪስ ወይም ሶራ ብሎ የሚጠራው ነበር፤ የክላሪስ የኋላ ማርሽ 8፣ የሶራው 9 ደረጃ አለው። እነዚህን «የርካሽ ብስክሌት ማርሽ» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በደንብ የተስተካከለ ክላሪስ ሳያንገራግር ይቀይራል፣ ሲያልቅም የሚተካበት ዕቃ ርካሽ ነው። ጉድለቱ የሚሰማው ረጅም ዳገት ላይ ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ ስለሚል አንዱ ሲከብድ ቀጣዩ ከሚፈለገው በላይ ይቀልላል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አምራቾች ወጪ የሚቀንሱት ገዢ ቶሎ ልብ በማይላቸው ክፍሎች ላይ መሆኑ ነው። ቸርኬው ይከብዳል፣ ጎማው ይደርቃል፣ የፍሬን ሸራውም ስም ያለውን ያህል አይዝም። በአንጻሩ አዲስ ብስክሌት የተደበቀ ታሪክ የለውም፤ ብዙ አምራቾች ለፍሬሙ የሚሰጡት ዋስትናም ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ይህን መብት አብሮ አይገዛም።

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ከሁሉ በፊት መልስ የሚያሻው የልክ ጉዳይ ነው። የኮርስ ብስክሌት ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ እንደ 52፣ 54 ወይም 56 ባለ የሴንቲ ሜትር ቁጥር ይለያል፤ ሆኖም የአንዱ አምራች 54 ከሌላው 54 ጋር አንድ ላይሆን ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ አምኖ መግዛት አይገባም። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ይላል፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው አጭር ክንድም በ10 ሚሊ ሜትር ባጠረ ወይም በረዘመ ሊቀየር ይችላል፤ የፍሬሙን ርዝመት ግን ማንም መካኒክ አይለውጠውም። እጄ ፍሬኑ ላይ አርፎ ክርኔ ጥቂት መታጠፍ መቻሉን፣ የሰውነቴ ክብደትም መዳፌ ላይ አለመጫኑን ሳላረጋግጥ ወደ ሌላ ጉዳይ አላለፍኩም። ዋጋው በጣም የሚያጓጓ አንድ ብስክሌት ለእኔ በመርዘሙ ብቻ ተውኩት። አዲስ የሚገዛ ሰው ልኩን መርጦ ያዝዛል፤ ያገለገለ የሚፈልግ ግን ልኩ የሆነው እስኪመጣ መታገሥ አለበት፣ ትዕግሥት የሌለው ሰውም የማይሆነውን ብስክሌት በርካሽ ገዝቶ ይቀመጣል።

ካገለገሉት መካከል ካርቦን ፍሬም ያላቸውን ከመጀመሪያው አገለልኳቸው። ካርቦን መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የደረሰበት ምት ቀለሙ ላይ ምልክት ሳይተው ውስጡን ሊሰነጥቀው ስለሚችልና ይህን በዓይን ብቻ ማረጋገጥ ስለማይቻል ነው። ብረትና አሉሚኒየም አብዛኛውን ጉዳታቸውን ለሚያይ ሰው ያሳያሉ። ከሩቅ ሲታይ እንከን የሌለው የሚመስል አንድ የብረት ፍሬም አግኝቼ ነበር፤ መሪው ከሚያልፍበት አጭር ቱቦ ጀርባ፣ ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ሥር አውራ ጣቴን ሳሳልፍ ግን ትንሽ እብጠት ነካሁ። በስልኬ መብራት ስመለከተው ቀለሙ በቱቦው ዙሪያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለ መጨማደድ ብስክሌቱ ከፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ፍሬሙ መታጠፉን ያመለክታል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ቀለም ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም» አለኝ። ተከራክሬ የማተርፈው ነገር ስላልነበረ አመስግኜው ሄድኩ።

በመጨረሻ የገዛሁት አሉሚኒየም ፍሬም፣ ባለ 10 ደረጃ የሺማኖ ቲያግራ ማርሽና ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ያለው ነው። ምርመራውን ከካቴናው ጀመርኩ፤ ካቴና የሌላውን ዕቃ ዕድሜ ይናገራልና። በአንዱ ፒንና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 24 ክፍል ተቆጥሮ ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል ሲለካ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ካቴናው ሲያረጅ ይህ ርዝመት ይጨምራል፤ 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ ረዝሟል ማለት ሲሆን መተኪያው እየቀረበ ነው። ከ307 ብዙ አልፎ የተነዳ ከሆነ ደግሞ የኋላ ማርሹን ጥርሶችም አብሮ በልቷቸዋል ብሎ መገመት ይገባል፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ከአንድ ካቴና ወደ ሁለት ዕቃ ያድጋል። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ በማስመሪያ ስለካው 306 አካባቢ ሆነ፤ የፊት ማርሹ ጥርሶችም ገና አልሾሉም።

ቀጥሎ ፍሬኑ ነው። በዚህ ዓይነት ብስክሌት ሸራው የሚይዘው ራሱን ቸርኬውን በመሆኑ የቸርኬው ጎን እየተበላ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ጥፍር አሳልፎ ጉድጓዱን መለየት ይቻላል፣ ብዙ ቸርኬዎችም እስኪጠፋ ድረስ የሚታይ የማለቂያ ምልክት አላቸው። ዲስክ ፍሬን ያለውን የሚያይ ሰው የዲስኩን ውፍረት ይለካ፤ የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሳለ 1.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1.5 ከደረሰ ይለወጣል። ከዚያ የፊቱን ፍሬን ይዤ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ በመነቅነቅ የመሪውን ኩሽኔታ፣ የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን በመገፋፋትም የእምብርቱን፣ ማለትም የፔዳሉ ክንዶች ፍሬሙ ላይ የሚዞሩበትን ቦታ ኩሽኔታ ፈተንኩ። ሁለቱም አልላሉም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን አንድ ነገርም ጠየቅሁ፤ ሻጩ የመቀመጫውን ቡሎን ፈቶ ዘንጉን እንዲያወጣልኝ። ላብና ዝናብ የገቡበት፣ ለዓመታት ግራሶ ያልነካው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ በተለይ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች ከሆኑ፤ እንዲህ የሆነ ብስክሌት ደግሞ ከሻጩ ቁመት በቀር ለማንም አይሆንም። የእኔው ቀስ ብሎ ወጣ።

የማርሹ ትውልድ ከስሙ ባልተናነሰ ሊታይ ይገባል። ለምሳሌ የሺማኖ 105 የሚባለው ማርሽ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ 11 ደረጃ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ 12 ደረጃ ያለው ሆኗል፤ ስለዚህ «105 ነው» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ባለ 10 ደረጃ የኮርስ ቸርኬ ባለ 11 የኮርስ ማርሽ በአብዛኛው አይቀበልም፤ ተገላቢጦሹ ግን የ1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት በመጨመር ይሆናል። ወደፊት ማሻሻል የሚያስብ ሰው ይህን ሳያውቅ ከገዛ፣ ማርሽ ሊቀይር ሄዶ መቀየሪያውን፣ ካቴናውንና ቸርኬውን ጭምር ይገዛል። እኔ ማሻሻል አላሰብኩም፤ የምፈልገው ባለበት የሚሠራና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ ነበር።

ዋጋ ስንነጋገር ብስክሌቱን ሳላንቋሽሽ መለወጥ ያለባቸውን ክፍሎች ከነዋጋቸው አንድ በአንድ ጠቀስኩለት፤ ሻጩም ጎማው መሰነጣጠቁን ራሱ ስላየ ጥቂት ወረደልኝ። ከመክፈሌ በፊት በእምብርቱ ሥር የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ደረሰኝ ጋር አመሳከርኩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ማስረጃ የሌለው ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ያህል ቢረክስ አልነካውም ነበር፤ የተሰረቀ ንብረት መግዛት በገንዘብ የሚለካ ስጋት አይደለም።

ለጥገና ያስቀመጥኩት ሩብ ጎማዎቹን፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎቹን፣ ሸራዎቹንና ካቴናውን ለመቀየር በቅቶ ጥቂት ተረፈ። ድምሩ ከአዲሱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ቢያልፍ ኖሮ አዲሱን እገዛ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከተከፈለ የሚተርፈው ልዩነት ዋስትናን ለመተው አያበቃም። ካቴና ለክቶ፣ ኩሽኔታ ነቅንቆ የማያውቅ፣ የሚያውቅ ሰውም ይዞ መሄድ የማይችል ገዢ ካለ ደግሞ ባለ ክላሪሱ አዲስ ብስክሌት ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ሱቁ የመጀመሪያውን ማስተካከያ በነጻ የሚሠራ ከሆነ፣ አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ መላላቱ ስለማይቀር ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የእኔን ብስክሌት በተመለከተ የቀረው ጥያቄ አሮጌው የኋላ ማርሽ አዲሱን ካቴና ይቀበላል ወይ የሚለው ነበር። የተበላ ጥርስ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ካቴናውን ያዘልላል፤ ዳገት ላይ ቆሜ እየረገጥኩ ሁሉንም ደረጃ በየተራ ሞከርኩት፣ አንዱም ስላልዘለለ እስካሁን አልቀየርኩትም።