በደረሰኙ ጀርባ

አያቴ በወጣትነታቸው ደረሳ ሆነው ቁርአንና ኪታብ የቀሩ፣ ኋላም ከሐይቅ ወጣ ባለች የተሁለደሬ መንደር ሲያርሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ካቆዩልን ወረቀቶች መካከል በንጉሡ ዘመን የተቆረጡ የግብር ደረሰኞች ይገኛሉ፤ ከመሬቱ ግብርና ከአሥራቱ ጎን ለትምህርት የተከፈለው ገንዘብ ለብቻው ሰፍሯል። ይህ ክፍያ በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በመሬት ላይ የተጣለ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን ከገበሬው ደጅ አልነበረም። በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ያለው ደሴ ስለሆነ፣ የእኛ አገር ልጅ እዚያ ለመማር ከቤቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዘመድ ተጠግቶ ወይም ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት መኖር ነበረበት። ከአያቴ ልጆች አባቴ ብቻ የተላከው አቅም የፈቀደው ለአንድ በመሆኑ ነው፤ ወንድሞቹ ለእርሻው ቀሩ፣ እኅቶቹ ጭራሽ አልታሰቡም። የመንግሥት ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ፣ በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚወሳው የተማረው ሰው ነው። ከፍሎ ያልተማረው ገበሬ የታሪኩ ባለቤት መሆኑ ሊጻፍለት ይገባል እላለሁ።

የደረሰኞቹን ጀርባ ሳገላብጥ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። አያቴ የከፈሉትን ልክ፣ ቀኑንና የተቀባዩን ስም በገዛ እጃቸው አስፍረዋል፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዓረብኛ ነው። የወሎ ሸኾች መንዙማቸውን የጻፉበት ይህ ዐጀም በአያቴ እጅ የሒሳብ መዝገብም ሆኖ አገልግሏል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወደ መንደራችን የመጡት መዝጋቢዎች አያቴን ከማይማን ቆጠሯቸው። ዘመቻውን አልነቅፍም፤ እናቴ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው በዚያ ትምህርት ነው፣ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ሆኖም «ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎ» ያሉ አዛውንት፣ በየትኛው ፊደል እንደሚጽፉ የጠየቃቸው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አያቴ ግን ቅር ሳይላቸው ከምራታቸው ጎን ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ በኋላ በተቆረጡት ደረሰኞች ላይ በጣት አሻራ ፈንታ ስማቸው በግእዝ ፊደል ተጽፏል፤ የጀርባው ሒሳብ እስከ መጨረሻው በዐጀም ነው።