ሶላር ብሰቅል ግብር ይጨምሩብኛል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ሶላር ላስገጥም ነው ካልክ ብዙ ሰው ዋጋውን አይጠይቅህም። «ኋላ ግብር እንዳይጨምሩብህ» ነው የሚልህ። ጎረቤቴ ጋሼማ ማዘጋጃ ቤት እንዳያይባቸው በጓሮው በኩል፣ ወደ ሰሜን በሚያየው ጣሪያ ላይ ሊሰቅሉት አስበዋል። ኧረ ጋሼ፣ እኛ አገር ፀሐይዋ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው!

ስጋታቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር በተለየ የቤቱን ዋጋ ነው የሚያየው። ከዋጋው 25 በመቶው ይያዝና በእሱ ላይ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይሰላል። ቤቱ ዋጋ ከጨመረ ግብሩም ይጨምራል።

እስኪ እናስላው። ፓነሉ፣ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ተደምረው ቤቱ ላይ 200 ሺህ ብር ጨመሩ እንበል። 25 በመቶው 50 ሺህ ነው። በከፍተኛው ምጣኔ በዓመት 500 ብር፣ በዝቅተኛው 50 ብር። በቃ!

አሜሪካ ግን የቤት ግብር እንዲህ ቀላል ስላልሆነ ብዙ ክልሎች ለሶላር ነፃ ያደርጋሉ። ኒው ዮርክ ሶላሩ በቤቱ ላይ የጨመረውን ዋጋ ለ15 ዓመት ከግብር ውጭ ታደርገዋለች፤ ከተሞቹ ካልፈለጉ ግን መውጣት ይችላሉ። ቴክሳስ ደግሞ የተጨመረውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ትተወዋለች። የፌዴራሉ መንግሥት ሶላር ለሚያስገጥም የቤት ባለቤት ከገቢ ግብሩ ይቀንስለት የነበረው የወጪው 30 በመቶ በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ሲቀር፣ የቤት ግብር ምሕረቱ ግን የክልሎቹ ጉዳይ ስለሆነ አብሮ አልቀረም።

እኛም እናድርገው ባይ ነኝ። ደንብ ውስጥ «ሶላር በቤት ግምት አይያዝም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ከተማውን ምንም አይጎዳም፤ ሰው የሚፈራው ደግሞ 500 ብሯን ሳይሆን ገማቹን ነው፣ ሜትር ይዞ ግቢ ሲገባ የሚያየውን ሁሉ ይመዘግባል ብሎ ነው የሚያስበው።

ነገር ግን ይሄን አድርጎ «ሶላርን አበረታታን» ብሎ ስብሰባ መጥራት አያምርም። የግብር ምሕረት የሚጠቅመው ቤት ላለውና ሶላሩን ገዝቶ ለጨረሰ ሰው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛውን ግማሽ ፀጉር ላይ የሚያቆመው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን የተከራየ ነው፤ ስለ ቤት ግብር ምን አገባው? ታክሱ የከተማ ስለሆነ ባላገሩን ጭራሽ አይነካውም፣ ፓነል ደግሞ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የሚበጀው በየወሩ እየከፈሉ የሚጨርሱት ብድርና ዓመት ሳይሞላው የማይሞት ባትሪ ነው። ባትሪው ላይ ስንቱ ተቃጥሏል!

አሁን የምታስገጥሙ ደረሰኙን አትጣሉ። የፓነሉ፣ የባትሪውና የሠራተኛው ዋጋ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። ገማች መጥቶ የተጋነነ ቁጥር ቢጽፍ የምትከራከሩት በእሱ ነው።