ከወንጂ እስከ ፒያሳ

ለገሃር የወረድኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ከአዳማ ቃሊቲ በሚኒባስ፣ ከቃሊቲ ለገሃር በባቡር። ስለ ወንጂ የሠራሁት ፊልም ያለበትን ሃርድ ዲስክ ይዣለሁ፤ ቀጠሮዬ ፒያሳ ነው።

ጊዜ ስለነበረኝ በእግሬ ልውጣው ብዬ መጀመሪያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጎራ አልኩ። ይህ ቤት የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. ነው። የሆላንዶቹ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ደግሞ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946። እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። እዚህ መጋረጃ ሲከፈት እዚያ አገዳ ይቆረጥ ነበር፤ ግን ያንን አገዳ ቆራጭ ስክሪን ላይ ስንት ጊዜ አየነው?

አባቴ አገዳ ቆራጭ ነበር። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ይቃጠላል፣ ያኔ ጥላሸቱ ካምፑ ላይ ይዘንባል፣ እናቶችም የታጠበ ልብስ ከገመድ ለማንሳት ይሯሯጣሉ። ፊልሙ በዚህ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥርስ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት ያንን ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ አጥንቱ እየደረቀ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። ብዙዎቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። «አባዬ፣ እስቲ እጅህን አውርደው» ስለው እምቢ አለኝ። ያወረደው ድሮ ስለነበረው የፋብሪካው ኳስ ቡድን ሲያወራ፣ ካሜራውን ጭራሽ ሲረሳው ነው። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ቸርችልን ጨርሼ ፒያሳ ደረስኩ። የማውቃት ፒያሳ በ2016 አብዛኛዋ ፈርሳለች፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ግን አለ። እዚያው አካባቢ ካፌ ውስጥ የቀጠርኩት አከፋፋይ በላፕቶፕ ጥቂት አየና «ወንድሜ፣ ታዋቂ ሰው የለበትም፣ ሰው ሲኒማ የሚገባው ሊዝናና ነው» አለኝ። «የጥርሱን ነገር ደግሞ ቁረጠው፣ ይከብዳል።»

አልቆርጠውም። ከጎንደር የወጣው የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ስለ ባለርስትና ጭሰኛ ሠራው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ ዛሬም ይታያል። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ታዋቂ ፊት ቢፈልግ ይገባኛል፣ ግን ወንጂን ያለ ጥርሷ ማሳየት ውሸት ነው።

ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁና የወንጂን የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ እዚያ፣ ለታሪኩ ባለቤቶች ይታያል። አዳራሹ በነፃ ነው፣ ወንበር አለ፣ የጎደለው ፕሮጀክተር ብቻ። አዲስ አበባ ውስጥ በደህና ዋጋ የሚያከራይ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ቅዳሜና እሁድን የሚጨምር ቢሆን ይመረጣል፣ ፈረቃ ላይ ያሉትም እንዲያዩት።