ሸርጣን ስንት ነጥብ ነው? ከደብረ ብርሃን ዳር ያለች አንዲት ጅረት ያስተማረችኝ

ከጥፋቴ ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ይዤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ወደምትወርድ አንዲት ጅረት ሄድኩ። የጅረቷን ጤና ለማወቅ ከላይ አንድ ቦታ፣ ከታች አንድ ቦታ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሽ ፍጥረታት ቆጠርን። ከላይ ሞልተዋል። ከታች ትልና አልቅት ብቻ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ቆሜ «ከተማው ጅረቷን ገድሏታል» አልኩ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ከላይ የቆጠራችሁት ድንጋይ ላይ ነው ጭቃ ላይ?» ድንጋይ ላይ ነው አልኩ። «ከታችስ?» ጭቃ ላይ። «እንግዲህ ቆላ ወርደህ ግመል ቆጥረህ፣ ደጋ ወጥተህ ስታጣው፣ ደጋው ግመሉን ጨረሰው ልትል ነዋ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ልክ ነበሩ። ድንጋይ ስር የሚኖር ፍጥረት ጭቃ ውስጥ ብታጣው የግድ ተመርዞ አይደለም፤ ቀድሞውንም ቤቱ አይደለም። የዚያን ዓመት መዝገባችንን ጣልነው። ማታ ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም፣ እውነቴን ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ወንዝ ታሟል ወይ ደህና ነው የሚለውን ለማወቅ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ግን ጠርሙሱ የሚናገረው የቀዳህባትን ደቂቃ ነው። ሌሊት የተደፋ ቆሻሻ ጠዋት ላይ ወርዶ ሄዷል። እዚያው ድንጋይ ስር ለሳምንታትና ለወራት የሚኖር ነፍሳት ግን ሌሊቱንም ቀኑንም እዚያው ነው፤ የሚችለው ይኖራል፣ የማይችለው ያልቃል። ልክ እንደ ሰፈር ጎረቤት፣ ማን ገባ ማን ወጣ ሁሉን አይቷል።

ይሄ ደግሞ ለኛ አገር አዲስ ጥበብ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል የሚለው ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። ሰውየው የወንዝ ዳር ነው ያነበበው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሁለተኛው ጥፋቴ መረቡ ነው። መረብ የሚሸጥ ስለሌለ ቤት ያለ አሮጌ አጎበር ቆርጬ በሁለት እንጨት ላይ ሰፋሁ። ቆንጆ ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን የያዝናቸውን ነፍሳት ሳፋ ውስጥ ስናወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ተንፈራገጡና ዝም አሉ። ልጆቹ ብርዱ ነው አሉ። እኔም ብርዱ ነው አልኩ። ማታ ነው የገባኝ፦ አጎበሩ የወባ ትንኝ እንዲገድል ፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ለውሃ ነፍሳትና ለዓሣም ያው መርዝ ነው። ፍጥረት ልንጠብቅ ሄደን መርዝ ይዘን ገባን ማለት ነው። አሁን የምንጠቀመው በስስ የመስኮት መጋረጃ የተሰፋ መረብ ነው። በነገራችን ላይ ቆላ ወርዳችሁ በአጎበር ዓሣ የሚይዝ ሰው ካያችሁ፣ ወይም ወንዝ ውስጥ አጎበር የሚያጥብ፣ ይሄን ንገሩት።

ሌላው ዕቃ ተራ ነው፦ ነጭ ሳፋ፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ቦቲ፣ ሰዓት። ሳፋው የግድ ነጭ ይሁን፤ በቀይ ሳፋ ሞክረን ግማሹ አልታየንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመረቡን አፍ ወደሚመጣው ውሃ አዙረህ ታቆማለህ። አንዱ ልጅ ከመረቡ ፊት ሆኖ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ ያንቀሳቅሳል፣ ትልልቁን እያነሳ በእጁ ያሻል፣ የተነሳው ሁሉ በውሃው እየተነዳ መረብ ውስጥ ይገባል። አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ገልብጠህ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ። መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ነው የሚታየው። ቆይቶ ቅጠሉ መሄድ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ልጆቹ ይጮኻሉ። ከሁሉ የሚወዱት ካዲስፍላይ የሚባለውን ነው። በአማርኛ የሚጠራበትን ስም ስጠይቅ ያገኘሁት «የውሃ ትል» ብቻ ነው። ይሄ ትል ግን ቤት ይሠራል፦ ከአፉ በሚያወጣው ክር አሸዋ በአሸዋ ላይ ሰፍቶ የጣት ጥፍር የማትሞላ ቱቦ ያበጃል፣ ውስጧ ይገባል፣ ጭንቅላቱንና እግሮቹን ብቻ አውጥቶ ቤቱን እየጎተተ ይሄዳል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት እያንዳንዱ አሸዋ ተመርጦ የተቀመጠ ነው። አባቷ ግንበኛ የሆነ አንዲት ተማሪ «ይሄ ከአባዬ ይሻላል» አለች። ሜይፍላይ ደግሞ አንዳንዱ ዓይነት ጠፍጣፋ ነው፣ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር የመሰለ ጭራ አለው፤ በሆዱ ግራና ቀኝ ያሉት መተንፈሻዎች እንደ ሽፋሽፍት ይርገበገባሉ። ውሃው ንጹሕና አየር የጠገበ ካልሆነ ቶሎ ከሚጠፉት አንዱ እሱ ነው።

ለቆጠራው የምንጠቀመው ሚኒሳስ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ዘዴ ነው። 13 ምድቦች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ተሰጥቷል፦ ትልና አልቅት 2፣ የዝንብ ወገን እጭ 2፣ ቀንድ አውጣ 4፣ ጥንዚዛና መሰሎቹ 5፣ ሸርጣን 6፣ ካዲስፍላይ 9፣ ሜይፍላይ እንደ ዓይነቱ 5 ወይም 11። ስንት አገኘህ አይልም፤ አለ ወይስ የለም ነው። ያገኘሃቸውን ምድቦች ነጥብ ደምረህ ለምድቦቹ ብዛት ታካፍላለህ። ለምሳሌ ትል፣ አልቅት፣ የዝንብ እጭና ቀንድ አውጣ ብቻ ካገኘህ 10 ለ4፣ 2.5 ማለት ነው። የአራተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል።

ግን ተጠንቀቁ። ነጥቡ የተለካው በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተሠራ ኢትባዮስ የሚባል መለኪያ አለ፣ እሱ ግን ፍጥረቶቹን በቤተሰብ ደረጃ መለየት ይጠይቃል፣ ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ ልምድ አይሆንም። ስለዚህ እኛ በሚኒሳስ «ይሄ ወንዝ ደረጃው ይሄ ነው» አንልም። የራሳችንን ነጥብ ከራሳችን ነጥብ፣ ያምናን ከዘንድሮ እናወዳድራለን፣ ያ ይበቃናል።

ከግመሉ ስድብ በኋላ አራት ቦታ መረጥን። አራቱም ድንጋያማ፣ አራቱም ውሃው የሚንቦጫረቅበት፣ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ። ጊዜውንም ወሰንን፦ ክረምቱ ከወጣና ድፍርሱ ከጠራ በኋላ ኅዳር ላይ አንዴ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይበረታ የካቲት ላይ አንዴ። ክረምት ላይ ሙላቱ ወንዙን ጠርጎት ይሄዳል፣ ያኔ ብትቆጥር የምትቆጥረው ጎርፉን ነው፤ ልጅም ይወስድብሃል።

የመጀመሪያው ቦታ ከአንድ ጠበል በታች ነው። አካባቢው በቤተ ክርስቲያን ዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ የጅረቷ ንጹሑ ክፍል እሱ ነው። የደብሩን አባት ሄጄ ጠየቅኩ። «አባ፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ነፍሳትን ሊቆጥሩ ነው» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና «ጠበሉ ጋ አይደረስም። ከመውረጃው በታች ግን፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ የነካችሁትን ድንጋይ ወደ ቦታው መልሳችሁ» አሉ። ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ የሚለውን እኔ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ነው፣ አራቱም ቦታ። ጫማ የማውለቁን ነገር ግን ኅዳር ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ነጥቶ፣ ልጆቹ ምን እንዳሉኝ አልጽፈውም።

ሌላው ቦታ ላይ ፈቃድ ሳንጠይቅ ወርደን ተባረናል። ባለ ማሳው ገመዳችንን አይቶ መሬት ሊለኩ መጡ ብሎ ነው። ሳፋውን እስኪያይ ድረስ አላመነንም።

ውጤቱ አስደነገጠኝ። እኔ ትጠፋለች ብዬ የጠበቅኩት አራተኛው ቦታ ላይ፣ የከተማው ፍሳሽ ሁሉ ተጠራቅሞ በሚመጣበት ነበር። ጅረቷ የወደቀችው ግን ቀድማ ሦስተኛው ላይ ነው። ከጠበሉ በታች 6.3 ያገኘን ልጆች፣ ሦስተኛው ላይ ያቺን 2.5 አገኘን። ከፍ ብሎ ምን አለ? ባጃጅና አይሱዙ የሚያጥቡ ልጆች።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ጥፋት። ሄጄ ሰበክኋቸው። ስለ ሥነ ምህዳር። አንዱ ጨርቁን እየጨመቀ «መምህር፣ ብናቆም ደሞዛችንን አንተ ትከፍለናለህ?» አለኝ። ተመለስኩ። በሳምንቱ ምንም ሳልናገር ሁለት ሳፋ ይዤ ሄድኩ፣ አንዱ ከጠበሉ በታች የተያዘ፣ አንዱ ከነሱ ስር። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በአንዱ ውስጥ ቤት የሚጎትት፣ የሚዋኝ፣ ጭራውን የሚወዘውዝ፤ በሌላው ቀያይ ትሎች ብቻ ይጠማዘዛሉ። ቀዩ ትል የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ነው፤ ቅላቱ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ አየር ባነሰው ውሃ የሚኖረውም በሱ ነው። ያ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። «ይሄኛው የኛ ነው?» አለ። አዎ አልኩት።

አላቆሙም። ማቆምም አይችሉም፣ እንጀራቸው ነው። ማጠቢያውን ግን ከዳሩ አርቀው ጠጠር ላይ አደረጉት፣ ለዘይቱና ለሳሙናው ጉድጓድ ቆፈሩ። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ይሞላና ይፈሳል፣ እሱን እስካሁን አልፈታነውም።

ከልብስ አጣቢ እናቶች ጋር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንዲት እማማ «ኦሞው ነው እንጂ ችግሩ፣ እኛማ በእንዶድ ነው ያደግነው» አሉኝ። ወይ እማማ! እንዶዱም እኮ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓሣም ያፈዛል። ከተክል ስለመጣ ብቻ ምሕረት አያደርግም። ብርብራም እንዲሁ ነው፣ ፍሬውን ወቅጠው ቆላ ላይ ዓሣ ያሰክሩበታል፣ የሚጠፋው ግን ዓሣው ብቻ አይደለም። ይሄን ሁሉ ካወራሁ በኋላ እማማ «እሺ ልጄ፣ ሳፋ ላይ ልጠብ፣ ውሃውን ማን ይቀዳልኛል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያመጣው የሰፈሩ ዕድር ነው፦ ከዳሩ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ አድርጎ ሰፋፊ ድንጋይ አነጠፈ፣ ውሃ የሚቀዳውም ጎረምሳ በተራ ሆነ። ተራው አንዳንድ ሳምንት ይረሳል።

ስለ ተከላ ባጭሩ። ሐምሌ ላይ ችግኝ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ግማሹን ሙላት ወሰደው፣ ግማሹን በግ በላው። በዓመቱ ከሙላቱ መስመር ከፍ ብለን የአኻያ ቁራጭ ሰካን፤ እርጥብ ካገኘ በቀላሉ ሥር ያወጣል። ከሱ በላይ ቀጋ አጠርን፣ እሾሁ ለበግ መልስ አለው። ባህር ዛፍ ዳር ላይ አትትከሉ ስንል የተቆጡን አሉ፣ ገንዘብ ነውና አልፈርድባቸውም።

የጅረቷን ዳር የምንጠብቅበትን ደንብ ማውጣቱን በተመለከተ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። መንዞች ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬታቸውን ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ነበር የሚከፈተው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሽማግሌዎች ያስታውሱታል፤ «እንደ ጓሳ» ስንላቸው ወዲያው ገባቸው። እኔ በመምህር አማርኛ አንድ ሰዓት ያስረዳሁትን ማለት ነው።

አንድ የማልዘነጋው ነገርም አለ። የኛ ጅረት በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ነው የምትሄደው። ጣርማ በር ተሻግረህ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ውሃ ግን ወደ አዋሽ ነው። ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ ሁለት ተፋሰስ ናቸው። ዓሣ ከአንዱ ወደ ሌላው አናጓጉዝም፣ መረባችንንም ፀሐይ ላይ ሳናደርቅ ቦታ አንቀይርም።

ባለፈው የካቲት ሦስተኛው ቦታ ላይ በአራቱ ላይ ሁለት ተጨመረ፦ ትንንሾቹ፣ ባለ 5 ነጥቦቹ ሜይፍላዮችና አንድ ጥንዚዛ። 20 ለ6፣ 3.3። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን አንድ ዓመት ምንም አያሳይም፣ ዝናቡም ሊሆን ይችላል አልኩና ደስታቸውን አበላሸሁ።

ዕቃ ስንሰበስብ አንድ በግ ጠባቂ ልጅ እየሮጠ መጣ። አንድ እግሩ ባዶ ነው። የቀኝ ኮንጎ ጫማውን በሁለት እጁ እንደ ጽዋ ይዞታል፤ ውስጡ ውሃና አንድ ሸርጣን አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነጥብ ነው?»

«ስድስት። ከየት አመጣኸው?»

«ከላይ፣ ከጠበሉ በታች።» ሳፋችንን አየ፣ እኔን አየ። «እዚህ ልልቀቀው? እናንተ እንድትበልጡ።»

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። አይሆንም፣ ካነሳኸው ድንጋይ ስር መልሰው አልኩት። አልተከራከረም። ኮንጎውን እንዳይደፋ ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ በባዶ እግሩ ጠጠሩ ላይ እያነከሰ፣ ወደ ላይ ሄደ።