የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ

ስለቴ ሁለት ነበር። አንደኛው ጥላ ነው። እሱን እናቴ በእኔ ስም አስገብታልኛለች። ሁለተኛው «ያደረግህልኝን ለሰው እናገራለሁ» ያልኩት ነው። ይኸው ልናገር።

ታሪኩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ጓደኛዬን አስፈቅጃታለሁ። «ስሜን ብቻ እንዳትጽፊ» አለችኝ። «ደግሞ ሞታ ተነሳች ብለሽ እንዳታጋንኚ!» እሺ፣ አላጋንንም። የሆነው ራሱ ይበቃል።

ጊዜው ሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁን 2022። ሁለታችንም ጣሊያን አገር፣ ፒሳ ነበር የምንማረው። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። በስኮላርሺፕ የሚኖር ተማሪ ሽርሽር የሚያምረው ፈተና ሲያልፍና ብር እጁ ላይ ሲኖር ነው። ሁለቱ ደግሞ አብረው አይመጡም። ያን ሳምንት መጡልን። «ቅዳሜና እሁድን ቺንኩዌ ቴሬ እንሂድ» አለችኝ። ከፒሳ በባቡር ቅርብ ነው። ሰው ከአሜሪካ ድረስ እየመጣ የሚያየውን እኛ አጠገቡ ቁጭ ብለን ሳናየው ልንመረቅ ነው እንዴ?

ለማያውቀው ልንገረው። ቺንኩዌ ቴሬ ሊጉሪያ በሚባለው የጣሊያን ጠረፍ ላይ ነው። ገደል ላይ የተለጠፉ አምስት መንደሮች ናቸው፦ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላ እና ሪዮማጆሬ። ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ቤቶቹ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ናቸው። ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከቤቶቹ በላይ ያለው ነው። ገበሬው ያን ቀጥ ያለ ገደል በደረቅ ድንጋይ እየካበ እርከን በእርከን አድርጎታል፤ ወይን ተክሎበታል። ኮንሶን ወስዳችሁ ሜዲትራኒያን አፋፍ ላይ አስቀምጡት፣ በቃ እሱ ነው። ወይኑ ሲደርስ አንድ ሐዲድ ብቻ ባላት ትንሽዬ ባቡር ነው የሚያመላልሱት። ሰው በጀርባው ተሸክሞት አይዘልቀውም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ያ ዓመት ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ፖ የሚባለው ትልቁ ወንዛቸው እንኳን ጎድሎ አሸዋው የታየበት ዓመት ነው። ባቡር ውስጥ ደግሞ ያኔ ማስክ ግዴታ ነበር፤ ያውም ወፍራሙ። ላ ስፔዚያ ላይ ባቡር ቀየርን። ከዚያ በኋላ መንገዱ አብዛኛው ዋሻ ነው። ጨለማ፣ ድንገት ባሕር፣ ከዚያ መልሶ ጨለማ። ባሕሩ ብልጭ ባለ ቁጥር ፉርጎው ሙሉ «ዋው» ይላል።

ሞንቴሮሶ ስንወርድ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ባሕር ልናይ መጥተን ነው እማዬ።»

«እንዳትገቢበት!» አለች ወዲያው። ቀጥላም «ነገ እኮ የሰኔ ሚካኤል ነው። ማታ ዋዜማ እሄዳለሁ። ለሁለታችሁም እነግርላችኋለሁ» አለችኝ።

እናቴ ለሚካኤል የማትነግረው ነገር የለም። እሺ እማ ብዬ ዘጋሁት።

ጓደኛዬ ስኳር አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋበት፣ ታይፕ ዋን የሚባለው ዓይነት ነው። ከእሷ ጋር ስኖር አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ኢንሱሊን የሚወስድን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥለው የስኳር መውጣት ሳይሆን መውረድ ነው። ክንዷ ላይ ከሁለት ዩሮ ሳንቲም ትንሽ ሰፋ የሚል ነጭ ክብ ነገር ተለጥፏል። ስልኳን ስታስጠጋበት ስኳሯን ያሳያታል። ሲወርድም ይጮኻል። ቦርሳዋ ውስጥ ጁስ፣ የግሉኮስ ከረሜላና ብስኩት አይጠፋም። ጾሙን የንስሐ አባቷ ስለከለከሏት ጠዋት ደህና አድርጋ በልታለች። ያልነበራት ነገር አንድ ነው፤ ግሉካጎን የሚባለው የድንገተኛ መርፌ። የነበራት ጊዜው አልፎበት፣ አዲስ ለማሳዘዝ የሐኪም ቀጠሮ እየጠበቀች ነበር።

ሞንቴሮሶ ላይ ፎካቻ የሚባለውን ዳቦ ገዛን። ላዩ ላይ ወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነው፤ ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ በእግር ወደ ቬርናዛ ተነሳን። ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያው ደረጃ፣ ደረጃ፣ አሁንም ደረጃ ነው። አንዳንድ ቦታ መንገዱ ሁለት ሰው አያሳልፍም። አንዱ ካቡን ተደግፎ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። በግራ ወይን፣ በቀኝ ገደልና ባሕር። ውበቱን ለመግለጽ አልሞክርም፤ አልችልበትም።

መሀል ላይ ስንደርስ ስልኳ ጮኸ። ቁጭ አልን። ጁስ ጠጣች፣ ከረሜላውን በላች። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ ከፍ አለ። የለመደችው ነገር ስለሆነ እየቀለደች ተነሳች። ያ ሁሉ ደረጃና ያ ሁሉ ሙቀት የኢንሱሊኑን ሥራ እያፋጠነው እንደነበር የነገረን በኋላ ሐኪሙ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትቆም ግን ነገሯ ልክ አልነበረም። የጠየቅኳትን መልሳ ትደግምልኛለች እንጂ አትመልስልኝም። ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል፤ እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው። «ቁጭ በይ» አልኳት። ተቆጣችኝ። ይቺ ልጅ ተቆጥታኝ አታውቅም። የቀረውን ጁስ ወደ አፏ ሳስጠጋ በእጇ መታችው፤ ተደፋ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ካቡን ተደግፋ ተንሸራተተች፤ ተጋደመች። ዓይኗ ክፍት ነው። እኔን ግን አያየኝም።

ወደ ድንገተኛ እርዳታ ቁጥሩ፣ 112 ደወልኩ። በተሰባበረ ጣሊያንኛ የት እንዳለን ነገርኳቸው። የመለሰችልኝ ሴት ረጋ ያለች ነበረች። በጎኗ አስተኚያት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ትታነቃለች፣ ሰው እየላክን ነው አለችኝ። መኪና በማይገባበት መንገድ፣ በእግር ነው የሚመጡት። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው የጸለይኩት። ጸሎት ልበለው እንጂ ሥርዓት አልነበረውም። አባታችን ሆይ ጀምሬ እንጀራችን ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ የምወጣ ሰው አንድ መስመር እምቢ አለኝ። የመጣልኝ የእናቴ ነገር ብቻ ነው። «ሚካኤል» አልኩ። «ነገ በዓልህ ነው። እናቴ ዛሬ ማታ ደጅህ ትመጣለች። ይህቺን ልጅ ለእናቷ ምን ብዬ እመልሳታለሁ? ጥላ አስገባልሃለሁ። ለሰው እናገራለሁ። ብቻ አንድ ሰው ላክልኝ!» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ በአማርኛ፣ ለባሕሩና ለወይኑ።

አንድ ሰው ነው ያልኩት። የመጡት አራት ናቸው።

ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ከቬርናዛ በኩል። ሆላንዶች ናቸው። ሴትየዋ ቀድማ ደረሰች። የጓደኛዬን ፊት እንኳን በቅጡ አላየችም፤ ዓይኗ ክንዷ ላይ ነው ያረፈው። ነጩን ክብ ነገር አየችው። «ዳያቢቲስ?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ስትጮህ ባልየው ቦርሳውን ከጀርባው አወረደ። ያኔ ነው ትልቁን ልጅ ያየሁት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ክንዱ ላይ ያው ነጭ ክብ ነገር ተለጥፏል።

ከቦርሳው የወጣው ብርቱካንማ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት ያለበት ብልቃጥና ውሃ የተሞላ ስሪንጅ አለ። ውሃውን ብልቃጡ ውስጥ ጨመረችው። በቀስታ አዟዟረችው። ጥርት እስኪል በፀሐይ አየችው። ከዚያ መልሳ በስሪንጁ ሳበችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ልጁ አጠገቧ ተንበርክኮ በጣቱ እየቆጠረ ቅደም ተከተሉን ይነግራታል። ለእሱ ቢሆን ብለው በቤታቸው የተለማመዱት ነው፤ እስከዚያች ቀን ግን በእውነት ወግታ አታውቅም። ጭኗ ላይ ወጋቻት።

መርፌው ያ ግሉካጎን የሚባለው ነው፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል። ለመሥራት አሥር ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል። ባልየው ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ላይ ጥላ ያዘላት። ትንሿ ልጅ እጄን ያዘችኝ፤ ማንም ሳያዛት። እኔ ሚካኤል ሚካኤል እላለሁ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገለጠችው፤ አሁን ታያለች። ተነስታ አስታወከች፤ መርፌው እንዲያ ያደርጋል አሉኝ። ለማያውቋት ሰዎች በጣሊያንኛ «ይቅርታ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ጁሱን ማነው የደፋው?» አለችኝ።

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጡ። ለሆላንዶቹ ምን እንዳለች ማስረዳት አቃተኝ።

የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ሲደርሱ ቁጭ ብላ የልጁን ብስኩት እየበላች ነበር። ለኩዋት፣ ደግፈው ቬርናዛ አወረዷት፤ ላ ስፔዚያ ያለው ሆስፒታል አደረች። ቬርናዛ ወደቡ ላይ፣ ባሕሩ እግሯ ሥር የሚመታት የቅድስት ማርጋሪታ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ናት። የካቶሊክ ናት ብዬ ደጅ አልቆምኩም። ገብቼ ሰገድኩ፤ ወጣሁ።

የቀረውን የነገረችኝ ሴትየዋ ናት፤ እዚያው ወደቡ ላይ፣ ልጆቹ አይስክሬም ሲበሉ። ከቬርናዛ ወደ ሞንቴሮሶ በጀልባ ነበር ሊሄዱ ያሰቡት። ትንሿ ልጅ ጀልባ ያስታውካታል፤ ጠዋት ሲሳፈሩ ታማ ስለነበር አልሄድም ብላ አለቀሰች። ስለዚህ በእግር ወጡ። ባልየው ደግሞ ቦርሳውን ለማቅለል ሳጥኑን ሆቴል ሊተወው ነበር፤ ጁስ ይበቃናል ብሎ። እሷ ናት መልሳ የከተተችው። «ዕድለኞች ነበራችሁ» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ጓደኛሽን ያዳነችልሽን ሴት በነገረ መለኮት አትሞግቻትም።

ግን ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ልጅቷ ጀልባ አልፈልግም ብላ ስታለቅስ እኔ ሞንቴሮሶ ፎካቻ እየበላሁ ነበር። ጓደኛዬ ደህና ነበረች። ምንም አልጸለይኩም። ኢሳይያስ ላይ «ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰዓቱ ተቆጥሮ አየሁት።

ይህን ስናገር «በሕክምና ነው የዳነችው» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ በሕክምና ነው። መርፌው ነው ያነሳት። ያ መድኃኒት ባይኖር ጸልዬ ትነሳ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ አላውቀውም። እኔ የምመሰክረው መርፌው በዚያ ሰዓት እዚያ ካብ ሥር ስለ መምጣቱ ነው። ያን መንገድ በቀን ስንት ሰው ይመላለስበታል። ብርቱካንማ ሳጥን ይዞ የሚሄድ ግን ስንቱ ነው?

በነገራችን ላይ ኢንሱሊን ከሚወስድ ሰው ጋር የምትኖሩ ካላችሁ፣ ራሱን ሲስት ስኳር አፉ ውስጥ አትጨምሩ። በጎኑ አስተኝታችሁ እርዳታ ጥሩ። አገሩ ላይ ግሉካጎን ከተገኘ ደግሞ ይኑራችሁ። አሁን መርፌ ለሚፈራ በአፍንጫ የሚነፋም አለ። ጓደኛዬ ሁለት ይዛ ነው የምትዞረው፤ አንዱን እኔ ቦርሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

እሁድ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከሆስፒታል ወጣች። ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች።

«ሴትየዋ የክርስትና ስሟ ማነው? በጸሎት ላስጠራት።»

«እማዬ፣ ሆላንዳዊት እኮ ናት። የክርስትና ስም ያላት አይመስለኝም።»

«ስም የሌለው ሰው የለም። ጠይቂያት!»

ጠየቅኳት። ሳቀችና የራሷንም፣ የባሏንም፣ የልጆቿንም ስም ላከችልኝ። እናቴ ወረቀት ላይ አስጽፋ ለንስሐ አባቷ ሰጠቻቸው። አባ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ይህን እንዴት አድርጌ ነው የማነበው?» አሏት።

«እንደመጣልዎ ያንብቡት አባ» አለቻቸው። «እሱ የላካቸውን ያውቃል።»